ዕዳው የት ገባ?

በማቴዎስ ወንጌል 18ኛ ምዕራፍ ያለው የሁለቱ ባለዕዳዎች ምሳሌ ሲሰበክ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውግዘቱ የሚወርደው በክፉው አገልጋይ ላይ ነው። ጌታው ያን ሁሉ ዕዳ ትቶለት ሲያበቃ እርሱ ወጥቶ የሥራ ባልደረባውን በመቶ ዲናር ምክንያት አንገቱን አነቀው። ውግዘቱ ይገባዋል። ዓይናችን በእርሱ ላይ ብቻ ሲያርፍ ግን ንጉሡን እንረሳዋለን። አገልጋዩ ያለበት ዕዳ እልፍ፣ ማለትም 10,000 መክሊት ነበር። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ይመነዘራል፤ አንድ ዲናር ደግሞ፣ እዚያው ማቴዎስ ሁለት ምዕራፍ አለፍ ብሎ እንደሚነግረን፣ የአንድ የወይን አትክልት ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው። ስለዚህ ዕዳው 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ነው። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ እንደመዘገበው፣ ሄሮድስ አንቲጳስ ከገሊላና ከፔርያ በዓመት የሚሰበስበው ግብር 200 መክሊት ነበር። ምሳሌውን ለሰማ የገሊላ ሰው፣ አገሩ በሙሉ በ50 ዓመት የሚገብረው ገንዘብ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ተቆልሎ ታየው ማለት ነው። ንጉሡም ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ተወው። ታዲያ ያ ዕዳ የት ገባ?

ከአገልጋዩ ጫንቃ ስለወረደ በንኖ አልጠፋም። የንጉሡ ግምጃ ቤት በዚያው ልክ ጎደለ። ይቅር ያለው ሰው ከፈለ፤ ነገሩ ይህን ያህል ቀላልና ይህን ያህል ከባድ ነው። የክርስትና እምነት ስለ መስቀል የሚናገረው ዋና ነገርም፣ እኔ እንደምረዳው፣ ይኸው ነው፤ የኃጢአትን ዋጋ የተሸከመው የተበደለው ራሱ ነው። ይህ እውነት ከሆነ፣ በእኛ አገር በየአውደ ምሕረቱ፣ በየሽምግልናውና በየፖለቲካው መድረክ የሚሰማው «ክርስቶስ ከፍሎልናል፤ እንግዲህ ይቅር ተባባሉና ነገሩ ይዘጋ» የሚል አነጋገር መስቀሉን ገልብጦ ማንበብ ነው። በመስቀሉ የከፈለው የተበደለው በፈቃዱ ነው። በእኛ ሽምግልና ግን የሚከፍለው የተበደለው ተገዶ፣ የሚመሰገነው ደግሞ በዳዩ ይሆናል።

ኃጢአት ዋጋ አለው ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ከሰማይ የሚወርድ ቅጣት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ከዚያ በፊት የሚያሳየን በምድር ላይ የሚታይ ጉድለት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን 6ኛ ምዕራፍ፣ አደራ የካደ፣ የቀማ ወይም ወድቆ ያገኘውን ደብቆ በሐሰት የማለ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ተደንግጓል። ዋናውን ይመልሳል፣ አምስተኛ እጅ ይጨምርበታል፣ ለባለ ንብረቱም ያስረክባል፤ አውራ በጉን ይዞ ወደ ካህኑ የሚሄደው ከዚህ ጋር ነው። በጉ ገንዘቡን አይተካም፤ ገንዘቡም በጉን አያስቀርም። ኦሪት ዘኍልቍ በ5ኛው ምዕራፍ አንድ ነገር ይጨምራል፤ የተበደለው ሰው ሞቶ ካሳውን የሚቀበል ዘመድ ቢታጣ እንኳ ገንዘቡ ለካህኑ ይሰጣል እንጂ በበዳዩ እጅ አይቀርም። ባለመብቱ ስለሞተ ዕዳው አይሞትም ማለት ነው። በኋላ የተጠናቀረው የአይሁድ ሕግ፣ ሚሽና፣ የስርየት ቀን ሰው በፈጣሪው ላይ የሠራውን እንደሚያስተሰርይ፣ በባልንጀራው ላይ የሠራውን ግን ባልንጀራው እስኪታረቀው ድረስ እንደማያስተሰርይ ይደነግጋል። ኢየሱስም በተራራው ስብከት መባውን ይዞ የመጣውን ሰው፣ ወንድምህ የሚያዝንብህ ነገር እንዳለ ካስታወስክ መባህን እዚያው ትተህ መጀመሪያ ከእርሱ ጋር ታረቅ ይለዋል። ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ፤ ወደ መሠዊያው የሚወስደው መንገድ በተበደለው ሰው ደጅ ያልፋል።

የዳዊት ታሪክ ነገሩን የበለጠ ያከብደዋል። ንጉሡ የኦርዮን ሚስት ወሰደ፣ ኦርዮንን በጦር ሜዳ አስገደለ። ነቢዩ ናታን በምሳሌ ሲመጣበት፣ የድሀውን በግ የወሰደው ሀብታም አራት እጥፍ ይክፈል ብሎ የፈረደው ራሱ ዳዊት ነው። ከዚያ ተናዘዘ፣ ይቅርታም አገኘ። ዋጋው ግን ቆመ ማለት አይደለም። ሕፃኑ ሞተ፣ ትዕማር ተደፈረች፣ አምኖን ተገደለ፣ አቤሴሎም በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የአይሁድ ሊቃውንት ዳዊት የፈረደው አራት እጥፍ በእነዚህ አራት ልጆቹ እንደተከፈለ ይቆጥራሉ። የሕፃኑ ሞት አንባቢን የሚያስጨንቅ ቦታ ነው፤ ለማለስለስ የሚሞክሩ ትርጓሜዎችም አያሳምኑኝም። ግን አንድ ነገር ሳይሸፋፍን ይናገራል። የኃጢአት ዋጋ ሁልጊዜ የሚሸከመው ሰው ያገኛል፤ ብዙ ጊዜም ያ ሰው ኃጢአተኛው አይደለም። ኦርዮን ከፈለ፣ ትዕማር ከፈለች። ጥያቄው ዋጋው ይከፈል ወይስ አይከፈል የሚል ሆኖ አያውቅም፤ ማን ላይ ይውደቅ የሚል ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህን በትረካ አስቀምጦታል። አዳምና ሔዋን ከገነት ከወጡ በኋላ ዲያብሎስ የባርነታቸውን ደብዳቤ አጻፋቸው፤ አንዱን በዮርዳኖስ፣ ሌላውን በሲኦል ሸሸገ። ክርስቶስ የመጀመሪያውን በጥምቀቱ፣ ሁለተኛውን ወደ ሲኦል በወረደ ጊዜ ደመሰሰው። ሥሩ በቆላስይስ መልእክት 2ኛ ምዕራፍ ያለው፣ በእኛ ላይ የተጻፈው የዕዳ ጽሕፈት በመስቀል ተቸነከረ የሚለው ትምህርት ነው። አምላክ ደብዳቤውን ከላይ ሆኖ ዋጋ የለውም ብሎ አላወጀበትም፤ ደብዳቤው ወደተሸሸገበት ውኃና ወደተሸሸገበት ጥልቅ ራሱ ወረደ። ለአዳም የተሰጠው ኪዳን አምስት ቀን ተኩል፣ ማለትም 5,500 ዘመን ተጠብቆ የሚፈጸመውም በዚህ መውረድ ነው። ከዚህ ትረካ ተነስቶ ዋጋው የተከፈለው ለዲያብሎስ ነው የሚል ሰው ቢኖር አዲስ አይደለም፤ በጥንት ዘመን እንዲህ ያስተማሩ አባቶች ነበሩ። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ግን በ4ኛው መቶ ዘመን ሐሳቡን ተቆጣው። ወንበዴ ቤዛ ሊቀበል፣ ያውም እግዚአብሔርን ራሱን ሊቀበል አይገባም አለ፤ አብም የልጁን ደም የሚሻ አይደለም ሲል ሌላኛውንም በር ዘጋው። ለማን ተከፈለ የሚለው ጥያቄ ልክ ያለው መልስ ላይኖረው ይችላል። ማን ከፈለ ለሚለው ግን አለው። አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው አትናቴዎስም ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፉ የያዘው ይህንኑ ነው፤ ሞት በሰው ላይ የነበረውን ዕዳ የፈጸመው ከውጭ የመጣ ሦስተኛ ሰው ሳይሆን ሰውን የፈጠረው ቃል ራሱ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ያረጀና የከበረ ነው። ሁሉን የሚችል አምላክ ያለ ደም ዝም ብሎ ይቅር ማለት ለምን ያቅተዋል? ሙስሊም ወገኖቻችን ይህን የሚጠይቁት ማንም የሌላውን ሸክም አይሸከምም በሚል ግልጽ መርህ ላይ ቆመው ነው፤ ነቢዩ ሕዝቅኤልም በ18ኛ ምዕራፉ ከዚህ የራቀ አይናገርም። በአውሮፓ ደግሞ ፋውስቶ ሶዚኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጥያቄውን እንደ ቢላዋ ሳለው፤ ዕዳ ከተከፈለ ይቅር አልተባለም፣ ይቅር ከተባለም አልተከፈለም አለ። ክርክሩ የሚያሸንፈው ከፋዩና ይቅር ባዩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ ነው። ዋስ ሆኖ የሰው ዕዳ የከፈለ ሰው አለ እንበል፤ አበዳሪው ገንዘቡን ከዋሱ ተቀብሎ ሲያበቃ ባለዕዳውን ማርኩት ቢል ያስቃል። አበዳሪው ራሱ ጉድለቱን በራሱ መዝገብ ላይ ሲጽፍ ግን መክፈልና ይቅር ማለት አንድ ድርጊት ይሆናሉ። «ዝም ብሎ ይቅር ማለት» የሚባለውም ሲፈተሽ ይኸው ነው። ስሙ የጠፋ ሰው ስም አጥፊውን ሲምር የጠፋው ስም አብሮ አይመለስም፤ ያን ጉድለት ሳይበቀልበት ይዞት ይኖራል። ስለዚህ አምላክ ያለ ዋጋ ይቅር ማለት አቃተው ማለት ትክክለኛ አነጋገር አይደለም። ዋጋ የሌለው ይቅርታ የትም የለም፤ መስቀሉ ለእኛ ሲባል በአደባባይ የታየው ያ ዋጋ ነው። ክርስቶስ አምላክ አይደለም ለሚል ሰው ይህ መልስ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ለእርሱ ነገሩ እንደገና ሦስተኛ ሰው መቅጣት ይሆናል፤ ክርስቲያኖችም ስለ መስቀል ሲናገሩ የተቆጣ አባትና የተቀጣ ልጅ አድርገው በሁለት ወገን ሲያቆሟቸው ይህንኑ ተቃውሞ ራሳቸው ያጠናክሩታል። የሥላሴ ትምህርት እዚህ ላይ ጌጥ አይደለም። እርሱ ከተነሣ ስቅለት ግፍ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ፈላስፋው ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1793 ያነሳው ነገር ከዚህ ይከብዳል። የገንዘብ ዕዳ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ጥፋተኝነት ግን ከሁሉ ይልቅ የራስ ነውና ለሌላ ሊሰጥ አይችልም ይላል። በዚህ ከእርሱ ጋር እስማማለሁ። የዕዳው ምሳሌ የሚያቆምበት ድንበርም ይህ ነው። ጴጥሮስ ጌታውን መካዱ ዛሬም የጴጥሮስ ነው፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ እንኳ ስናነበው የምንጠራው ስም አልተለወጠም። ክርስቶስ የወሰደው ጥፋቱ የሚያስከትለውን መለየትና ሞት ነው እንጂ የድርጊቱን ባለቤትነት አይደለም። ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ በሥራ ላይ ሲውል የሚያመጣውን ይመልከት። ባለቤትነቱም ተወስዶልኛል የሚል ሰው ከተጠመቀ ወይም «ከዳነ» በኋላ ያለፈውን እኔ አላደረግሁትም ማለት ይጀምራል። ዋጋው ብቻ የተነሣለት ሰው ግን አደረግሁት ለማለት ድፍረት ያገኛል፤ ቢናገረው አይሞትምና።

ወደ ራሳችን ጉዳይ ስንመለስ ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። ባሏ የደበደባት ሴት ወደ ንስሐ አባቷ ወይም ወደ ፓስተሯ ስትሄድ መጀመሪያ የምትሰማው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ይቅር ብለሽዋል?» የሚል ነው። ባልየው መታከም፣ መካስ ወይም በሕግ ፊት መቅረብ እንዳለበት ከመነሳቱ በፊት እርሷ ልቧን እንድትመረምር ይጠበቃል። ማን እንደበደለና ማን እንደሚጠየቅ እዚያው ቦታ ተቀያየረ። በአገር ደረጃም እንዲሁ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ክስን፣ እውነት ማፈላለግን፣ ማካካሻንና በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ምሕረትን አንድ ላይ ይዟል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከብዙ ስብከታችን ይልቅ ወደ ኦሪት ዘሌዋውያን የቀረበ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። በውይይት መድረኮቻችን ግን ከአራቱ ቶሎ የሚወደደው የመጨረሻው ነው፤ ማካካሻው በጀት የሌለው ተስፋ ሆኖ ይቆያል።

ደቡብ አፍሪካ ይህን መንገድ ከእኛ በፊት ሄዳበታለች። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የመሩት የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በክርስቲያናዊ ቋንቋ የተሞላ ነበር፤ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ሕግ ነው። ሕጉ እውነቱን ሙሉ በሙሉ ለተናገረ በዳይ ምሕረት ሲሰጥ፣ ከወንጀል ክስ ብቻ ሳይሆን ከፍትሐ ብሔር ተጠያቂነትም ነጻ አወጣው። የተገደለ ሰው ቤተሰብ ከገዳዩ ካሳ የመጠየቅ መብቱ በሕግ ተቋረጠ ማለት ነው። የተገደለው የፀረ አፓርታይድ ታጋይ የስቲቭ ቢኮ ቤተሰብና ሌሎች ተጎጂዎች ይህን ተቃውመው እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሱ፤ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ሕጉን አጸናው፣ ተጎጂዎቹንም መንግሥት በሌላ መንገድ እንደሚክሳቸው ታሰበ። ኮሚሽኑ ለተጎጂዎች ለስድስት ዓመታት በየዓመቱ ከ17,000 እስከ 23,000 ራንድ እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 የወሰነው ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ 30,000 ራንድ ነበር። የበዳዩ ምሕረት በሕግ ጸንቶ ወዲያውኑ ሥራ ላይ ዋለ፤ የተበዳዩ ካሳ ዓመታት ቆይቶ ተሸርፎ ደረሰ። ኮሚሽኑ አገሪቱን ከደም መፋሰስ ለመጠበቅ የሠራውን አላቃልልም፤ ቱቱም ካሳው መዘግየቱን በአደባባይ ከወቀሱት አንዱ ነበሩ። ይሁንና ያ ይቅርታ ማንን አስከፈለ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የሚገኘው በሶዌቶና በምሥራቅ ኬፕ ባሉ ድሀ ቤቶች ነው።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ሊይዘኝ ይችላል። የጀመርኩበት ምሳሌ ራሱ የሚያበቃው ይቅር ያላለው ሰው በመቀጣቱ ነው፤ ስለዚህ የተበደለ ሰው ይቅር እንዲል መታዘዙ ወንጌል እንጂ ግፍ አይደለም ይለኛል። ትእዛዙን አልክድም። ነገር ግን በምሳሌው ውስጥ ትእዛዙን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ይታይ። የሚወቅሰው እልፍ መክሊት የጎደለበት ንጉሥ ነው፤ የመናገር ሥልጣኑን የሰጠው የከፈለው ዋጋ ነው። የመቶ ዲናር ባለዕዳው አንዲት ቃል ስብከት አልተናገረም። ንጉሡ አንተን ምሮህ የለም እንዴ፣ እኔንም ማር አላለም፤ እግሩ ላይ ወድቆ ጊዜ እንዲሰጠው ለመነ፣ እንደሚከፍልም ቃል ገባ። ሁኔታውን ያዩት ሌሎች አገልጋዮችም ለሁለቱ ሽማግሌ ሆነው ነገሩን አልሸፈኑም፤ አዝነው ሄደው ለንጉሡ ተናገሩ። ኢየሱስ በመስቀል ላይ ሳለ ለሰቃዮቹ ምሕረት መለመኑም ከዚህ ጋር አንድ ነው። ችንካሩ በእርሱ እጅ ላይ ነበር፤ የለመነውም በራሱ ቁስል ላይ ቆሞ ነው። ጲላጦስ መጥቶ ይቅር በለን ብሎ አላዘዘውም፤ ቢያዝዘው ኖሮ ያ ልመና ሌላ ነገር በሆነ ነበር። በሉቃስ 17ኛ ምዕራፍ ደግሞ ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፣ ቢጸጸት ይቅር በለው የሚለው ትምህርት ተግሣጹን ከይቅርታው ያስቀድማል። በዳይም ሆነ አማላጅ ለተበዳዩ ይቅርታን እንደ ግዴታ የሚጭንበት አንድም ቦታ በወንጌል ውስጥ አላገኘሁም።

የቀረው ተቃውሞ ከወንጌላውያን ወገን የሚመጣ ነው፤ ካሳ ክፈል ማለት ጸጋን በሥራ መሸጥ አይሆንም ወይ የሚል። ፍርሃቱን አከብራለሁ፤ ከኦርቶዶክሱ ወገንም ቀኖናን እንደ ዋጋ ተመን የሚቆጥር አስተሳሰብ መኖሩ አይካድም። ሆኖም የጸጋው ሐዋርያ የሚባለው ጳውሎስ ራሱ ለፊልሞና ሲጽፍ፣ ስለ ኮበለለው ባሪያ ስለ አናሲሞስ፣ በድሎህ ወይም ዕዳ ኖሮበት እንደሆነ በእኔ ቁጠረው፣ እኔ እመልሳለሁ ብሎ በገዛ እጁ ፈረመ። ክርስቶስ ስለከፈለ የአናሲሞስ ዕዳ ተሰርዟል አላለም። በክርስቶስ ምሕረት ያገኘ ሰው በመሆኑ የሌላውን ዕዳ በራሱ ስም አስመዘገበ። ፊልሞና የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የጳውሎስም ወዳጅ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ኪሱ እንዲጎዳ አልተፈረደበትም።

ዘኬዎስም አለ። በኢያሪኮ የቀራጮች አለቃ ወደነበረው ወደዚህ ሰው ቤት ኢየሱስ የገባው እርሱ ገና ምንም ሳይከፍል ነው፤ በቤቱ መዋሉ በገንዘብ የተገዛ አልነበረም። የከፈለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሒሳቡም ያስደንቃል። በፈቃዱ ለተናዘዘ ሰው ኦሪት የምትጠይቀው ዋናውንና አምስተኛ እጁን ብቻ ነበር። እርሱ ግን በጉን ሰርቆ ባረደ ሌባ ላይ የሚፈረደውን አራት እጥፍ በራሱ ላይ ፈረደ፤ ያውም የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ ካለ በኋላ። ከቀረው እኩሌታ አራት እጥፍ መክፈል የሚችለው በግፍ የወሰደው ከጠቅላላ ሀብቱ ከስምንት አንድ እጅ ካልበለጠ ነው፤ ለቀራጮች አለቃ ይህ እጅግ ጠባብ ልክ ነው። ባዶ እጁን ሳይቀር አልቀረም። ኢየሱስ ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል ያለው ይህን ከሰማ በኋላ ነው። የኢያሪኮ ሰዎች፣ እነዚያ ዓመታት ሙሉ የተዘረፉት፣ ዘኬዎስን ይቅር ይበሉት አይበሉት ግን ሉቃስ አልጻፈም፤ ኢየሱስም እንዲሉት አላዘዛቸውም።